አንድ ፊት የቀረው ከበሮ

ከበሮ ሠሪው ጎኝ ከጋምቤላ ገበያ ጀርባ በሚሠራባት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በገዛ መዶሻው ጭንቅላቱን ተመቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ኦሉም በባጃጅ ሲደርስ ሰፈርተኛው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ገዳይዋ ኛጋች ናት።

እንዲህ ቢሉም አይፈረድባቸውም። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪዋ ኛጋች ባለ ሁለት ፊት ከበሮ አዝዛ ቀብድ ከፍላለች። ጎኝ በሞተበት በዚያው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተዘጋውን በር እየደበደበች «ሌባ፣ ቀብዴን መልስ» ስትል ገበያተኛው በሙሉ ሰምቷታል። እስካሁን ያልታሰረችው ኢንስፔክተሩ ግትር ስለሆነ ብቻ ነው።

ኦሉም መቀመጥ አይሆንለትም። እየተንጎራደደ ጠየቃት።

«ለምን መጣሽ?»

«ራሱ ጠርቶኝ ነው። ጠዋት ደውሎ፣ ‹ከበሮው ለእሁድ አይደርስም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይና ቀብድሽን ውሰጂ› አለኝ።»

«ለምን አይደርስም?»

«አንዱ ፊት ገና ባዶ ነው። እርጥብ ቆዳ ተወጥሮ ሁለት ቀን ካልደረቀ አይጮህም አለኝ። መጥቼ ባንኳኳ ዝም አለ፤ የሸወደኝ መሰለኝ።»

«ቀብዱን ለማን ሰጠሽ?»

«ለኮንግ።»

ኮንግ የጎኝ ሸሪክ ነው፤ ደንበኛ ያመጣል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ቆዳ ግን ነክቶ አያውቅም። ከኢታንግ ከተማ ተጠርቶ ሲመጣ በላብ ርሷል። በጋምቤላ ሙቀት ላብ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ እስር ቤቱ ከተማውን ሁሉ በያዘ ነበር።

«የተለየሁት ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለ። «ደህና ነበር። የከበሮውን ቆዳ እየወጠረ ትቼው ሄድኩ።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ጥዑመልሳን በመዶሻው ጩኸት ከሟቹ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልቷል። «ዛሬ ግን ከአምስት ሰዓት በኋላ ጸጥ አለ» አለ። «እኔም ተመስገን ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።»

ኦሉም ከበሮውን በጣቱ መታው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ገለበጠው፤ በሌላው በኩል ባዶ እንጨት ነው። የዚያኛው ፊት ቆዳ ጥግ ባለው በርሜል ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ነው። የሟቹን ስልክ አየና ሦስቱንም ወደ ጎኝ ክፍል ጠራቸው።

«ኮንግ፣ ሰባት ሰዓት ላይ የወጠረው የትኛውን ቆዳ ነው? ይሄኛው ደርቆ ይጮሃል። ያኛው ከውኃ አልወጣም። ዛሬ እዚህ ቤት የተወጠረ ቆዳ የለም።»

ኮንግ ዞር ብሎ በርሜሉን አየ።

«መዶሻው አምስት ሰዓት ላይ ቆሟል። ጥዑመልሳን ገዳይ ቢሆን ይህን ሰዓት አይነግረንም ነበር፤ ሰው ሁሉ ኛጋችን እየጠረጠረ ስለነበር ዝም ማለት ይበቃው ነበር። ኛጋች ደግሞ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጎኝ ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር ማለት የሚጠቅመው ቀደም ብሎ ገድሎት ወደ ኢታንግ ለሄደ ሰው ብቻ ነው። ጎኝ ለኛጋች እንደደወለ ወዲያው ለአንተ ደውሏል። ቀብዱን ይዘህ ና አለህ።»

«በኳስ ውርርድ በልቼዋለሁ» አለ ኮንግ በመጨረሻ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «ዛሬውኑ ካላመጣህ ለፖሊስ እናገራለሁ አለኝ።»

ኮንግን ወሰዱት። ኛጋች መሄድ ትችያለሽ ብትባልም ከቦታዋ አልተነሣችም።

«ኢንስፔክተር፣ ሌባ ስለው ሰምቶኝ ይሆን?»

ኦሉም መንጎራደዱን አቁሞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አልሰማሽም። አንቺ ከመምጣትሽ አራት ሰዓት በፊት ሞቷል።»

ቀኑን ሙሉ ያላለቀሰችው ኛጋች ያን ጊዜ አለቀሰች።