ዕንቁውና ዓይን ማሰሪያው ጨርቅ

ዶሮ ጮኸ፤ ግን አልነጋም። በደንገላ መንግሥት ፀሐይ የለችም፤ ቀን የሚሆነው በግንቡ አናት ያለው ዕንቁ ከቆዳ ሽፋኑ ሲገለጥ ነበር። ያን ሌሊት ጽልማን የተባለው የዋሻ አውሬ ዕንቁውን ከነሽፋኑ ሰረቀው።

ንጉሥ ዘውገ ችቦ የያዘ ጦር ላከ፤ አንድም ሰው አልተመለሰም። ምን ይደረግ፣ ጽልማን ሰው አድኖ የሚበላው የብርሃን ጭላንጭል እያየ ነው። ችቦ ይዞ እሱ ዘንድ መሄድ «እነሆኝ፣ ብላኝ» ማለት ነው።

ያኔ መምህርት ላቀች ዙፋኑ ፊት ቆመች። ይህች ሴት የልጆችን ዓይን በጨርቅ እያሰረች እንስሳት በምን ብልሃት እንደሚኖሩ ታስተምራለች፤ አገሩም «ልጅ ልታሳውር ነው» እያለ ያማታል።

«ንጉሥ ሆይ፣ የሌሊት ወፍ በድምፅዋ መንገድ ታገኛለች። እባብ አገጩን ምድር ላይ አሳርፎ የሚመጣውን ያውቃል። ይህን የተማሩ ሁለት ልጆች አሉኝ። እናቶቻቸው ፊት ምያለሁ፤ ልጆቹን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ።»

ንጉሡ ፈቀደ፤ ሁለቱ ልጆች፣ ብርቄና ሻረው፣ በጨለማው ወደ ጽልማን ዋሻ መሯት። ብርቄ ምላሷን ቀጭ ታደርጋለች፤ ድምፁ ቶሎ ከተመለሰ ግድግዳ ነው፣ ካልተመለሰ መንገድ። ሻረው ጉንጩን ከድንጋዩ ያስጠጋል።

«ተኝቷል እትዬ» አለ።

ዕንቁውን ከነቆዳው እንዳነሱት ግን ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ። «ነቅቷል። እየመጣ ነው» አለ ሻረው።

መሮጫ ጊዜ አልነበረም። ጨለማ የለመደ ዓይን ያንን ብርሃን አይችልም፤ የሰው ዓይንም ከቅርብ አይችለውም። ዕንቁውን አውሬው ፊት ላይ ለማነጣጠር ደግሞ አንድ ሰው ማየት ነበረበት።

«ጨርቃችሁን እሰሩ» አለች ላቀች። ከዚያ ቆዳውን ገለጠች።

አውሬው እየጮኸ ዋሻው ውስጥ ወዳለ ገደል ተንከባለለ። ዕንቁው ሲሸፈን ልጆቹ ጨርቃቸውን ፈቱ።

«እትዬ፣ ዓይንዎ?» አለች ብርቄ።

«የለም፣ የኔ ልጅ። አላዝንም አልልሽም፤ አዝናለሁ። መንገዱን ግን አስተምሬው የለ?» ምላሷን ቀጭ አደረገችና ስትራመድ ግንባሯ ከዓለቱ ተላተመ።

ግንባሯን ዳበሰች። ያን ሁሉ ዘመን የልጆችን ዓይን ስታስር የራሷን አንድ ቀን አስራ አታውቅም።

ብርቄ እንባዋን ጠርጋ የመምህርቷን እጅ ያዘች። «ቀስ ይበሉ እትዬ። መጀመሪያ ያዳምጡ።»

ዕንቁው ወደ ግንቡ አናት ተመለሰ፤ ደንገላ ነጋላት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ብርቄ ለማስተማር ከፊት ቆማ ነበር፤ ላቀች ከልጆቹ መካከል ተቀምጣለች።