እናቴ እንደዚያ አላለችም

«እናትሽ ምን አለች?» ሊሞር እስክሪብቶዋን ይዛ ኢናቭን አየቻት።

ኢናቭ ወደ ጎን ዞረች። አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ ደጅቱ ብዙ ነበር ያወራችው። ከኢንዱስትሪ ዞኑ በቀጥታ ስለመጣች የፋብሪካውን ሸሚዝ እንኳ አላወለቀችም፤ አሁን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የተናገረችውን ልጇ ወደ ዕብራይስጥ እስክትመልስላት ትጠብቃለች።

ሊሞር የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ቢሮዋ ሀደራ በምትባለው የእስራኤል ከተማ መሃል፣ ከባንክ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ወደ እሷ የላከቻቸው የኢናቭ አስተማሪ ናት። ኢናቭ በቃል ሲጠይቋት ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ትመልሳለች፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ትወድቃለች። «አቭሑን ታድርግ» ተባለ። አቭሑን ምርመራ ነው፤ መርፌም ደምም የሌለበት፣ በጥያቄ ብቻ የሚደረግ።

ደጅቱ መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር። «ልጄን እብድ ሊሏት ነው?» አለች። ኋላ ስትስማማም ተርጓሚ አልፈልግም አለች። «የሀደራ አበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ዛሬ እዚህ ያወራሁት ነገ ገበያ ላይ ይጠብቀኛል። ኢናቭ አለችልኝ አይደል?»

ሊሞር የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፤ ኢናቭ ቤት ውስጥ ታነባለች ወይ? ደጅቱ የመለሰችው ግን እንዲህ ነበር፦

«ታነባለች እንዳልል አታነብም። ማታ ማታ ለትንሹ ወንድሟ ለሽሙኤል መጽሐፍ ይዛ ትቀመጣለች። ያን አንበሳ ያለበትን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አነበበችለት። አንድ ቀን አንበሳው ይታመማል፣ ሌላ ቀን ሚስት ያገባል። እኔ የዕብራይስጡን ፊደል አላውቀውም፤ ግን መጽሐፍ በየማታው እንደማይለዋወጥ አውቃለሁ። ከሥዕሉ እያየች ነው የምትፈጥረው። አባቷም እንዲሁ ነበር። ጎንደር ተማሪ ቤት ሳለ ፊደሉ ይደባለቅበት ነበር፤ ሲገርፉት ሲገርፉት ጥሎ ወጣ። እሱ ቤቱን ትቶ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ልጄ እንቅልፍ የላትም። ይህንንም ንገሪያት።»

የኢናቭ ጆሮዎች ጋሉ። እናቷ የአንበሳውን ነገር ታውቅ ኖሯል! አንድም ቀን ምንም ብላት አታውቅም። የአባቷንም ታሪክ ገና ዛሬ መስማቷ ነው። አብራት የምትማረው አዲና የነገረቻት ትዝ አላት፦ «የአክስቴ ልጅ አቭሑን ገባ፣ ከዚያ ልዩ ክፍል ከተቱት። ኻላስ፣ አለቀለት።»

«ለወንድሟ ሁልጊዜ ማታ ታነብለታለች ነው የምትለው» አለች በዕብራይስጥ። «እንቅልፌም ደህና ነው። ሁሉም በሴደር፣ በደህና ነው።»

ሊሞር ጻፈች። ደጅቱ አንዴ ልጇን፣ አንዴ ሊሞርን አየች።

«ያን ሁሉ አውርቼ ይቺን ብቻ?»

«ዕብራይስጥ አጭር ነው፣ እማ።»

በሳምንቱ ኢናቭ ብቻዋን መጣች። ሊሞር ውኃ ቀዳችላትና ቀኑ እንዴት እንደሚሄድ ነገረቻት። «ይሄ የትምህርት ቤት ፈተና አይደለም፤ ማለፍና መውደቅ የለበትም። እያንዳንዱ ሥራ በቀላል ይጀምርና እየከበደ ይሄዳል። የሆነ ቦታ ላይ አልችልም ትያለሽ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ይደርሳል። ሲደክምሽ ንገሪኝ፣ እናርፋለን።»

በባለቀለም ኩቦች ቅርጽ አስመስሎ መሥራት ነበረ፤ ኢናቭ ወደደችው። ሊሞር ቁጥር ስትጠራላት ከኋላ ወደ ፊት መድገም ነበረ፤ ሊሞር የምትጠራው እየረዘመ ሄደ፣ ኢናቭም ተከተለቻት። ከዚያ አንድ ልጅ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ብቻውን የቆመበት ሥዕል አሳየቻትና «ታሪኩን ንገሪኝ» አለቻት። ኢናቭ ለልጁ ስም አወጣችለት፣ የጠፋ ውሻ ሰጠችው፣ ከሾፌሩም ጋር አጣላችው። ሊሞር እየጻፈች ሳቀች። ኢናቭ ፍርሃቷ ለቀቃት።

ካረፉ በኋላ ሊሞር አንድ ገጽ ጽሑፍ ፊቷ አስቀመጠች። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

የመጀመሪያውን መስመር እንደምንም ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ ቃላቱ ይገፈታተሩ ጀመር። አንዱን ቃል ገመተች፣ ቀጣዩን ዘለለች፣ ተመለሰች። ሊሞር አላቋረጠቻትም። ኢናቭ ራሷ ነበረች ወረቀቱን የገፋችው።

«እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም ነበር» አለች ሊሞር ማስታወሻዋን እያገላበጠች። «ቤት ለወንድምሽ በየማታው እንደምታነቢለት እናትሽ ነግራኛለች። ስለዚህ እያሰብኩ ያለሁት… ምናልባት ዛሬ ደክሞሽ ይሆናል። ወይም አንዳንዴ ልጆች አይሞክሩም፤ ያም ያጋጥማል።»

አይሞክሩም። ይህን ቃል ኢናቭ ከሁለተኛ ክፍል ጀምራ ታውቀዋለች። ብልህ ናት ግን አትሞክርም፤ ብትፈልግ ትችል ነበር፤ ሰነፍ ናት። አሁን ደግሞ እዚህም ሊጻፍ ነው፤ ያውም እሷ ራሷ ባቀበለችው ውሸት።

ዝም ብትል ሊሞር «ደክሟታል» ብላ ታልፈዋለች፣ ልዩ ክፍልም አይኖርም። ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«እናቴ እንደዚያ አላለችም።»

«እንዴት?»

«ከሥዕሉ እያየች ትፈጥራለች ነው ያለችው። ስለ አባቴም ነግራሽ ነበር። እንቅልፍም የላትም ብላለች። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

ሊሞር አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «እናት ስለ ልጇ የምታወራውን ልጇን ተርጉሚ ማለት አልነበረብኝም። በስልክ የሚተረጉሙ አሉ፤ ሩቅ ከተማ ያለ ሰው እንመርጣለን፣ የቤተሰቡንም ስም አንናገርም። ለእናትሽ እኔ ልንገራት ወይስ አንቺ?»

«እኔ።»

ደጅቱ ከሥራ ስትመለስ ኢናቭ የአውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ ሄዳ ጠበቀቻት። ከረጢቱን ተቀበለቻትና እየሄዱ ነገረቻት። የሕንጻቸው በር ሲደርሱ እናቷ ደረጃው ላይ ቆመች።

«አፍረሽብኝ ነው?»

«አይ። በራሴ አፍሬ ነው። እማ፣ የአንበሳውን ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ሽሙኤል ያንቺን አንበሳ ይወደዋላ። ምን ብዬ ላስቁምሽ?» ደጅቱ ልትስቅ ሞከረችና ተወችው። «አባትሽን ሁሉም ሰነፍ ሲለው ሰምቻለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። አንቺን እንዲሉሽ አልፈልግም። ተርጓሚዋን አምጪ በያት።»

የስልክ ተርጓሚዋ አስመረች ትባላለች፤ የምትኖረው ቤርሼባ ነው። ጎንደርኛዋ ገና ሰላም ስትል ደጅቱን አዝናናት። ኢናቭ በዚያ ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጠች። በሩ ተዘግቶ የእናቷ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ቃላቱ አይለዩም። አንድ ጊዜ ያለቀሰች መሰላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስቱም ሳቁ። ስለ እሷ እንደሆነ አወቀች፤ ግን ገብታ ምን ተባለ አላለችም።

ውጤቱ የተነገራቸው ከወር በኋላ ነው። ሊሞር ቀስ እያለች ተናገረች፣ አስመረችም በስልኩ ተከተለቻት።

«ኢናቭ ማስታወሷና ንግግሯ ከዕድሜዋ በላይ ነው። ማንበቧ ከዕድሜዋ በታች ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ዲስሌክሲያ የሚባል የንባብ ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳል፤ ስንፍና አይደለም። ከክፍሏ መውጣት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የንባብ አስተማሪ፣ ፈተና ላይ ጥያቄ የሚያነብላት ሰው፣ ተጨማሪ ጊዜም ነው። የእንቅልፏ ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ስለ አባቷ የምታወራው ሰው ቢኖራት እመክራለሁ።»

ደጅቱ «ስንፍና አይደለም» የሚለውን እንዲደገምላት ጠየቀች። አስመረች ደገመችላት።

«ሪፖርቱ የእናንተ ነው» አለች ሊሞር። «ካልፈቀዳችሁ ትምህርት ቤቱ አያየውም። ካላየው ግን እርዳታውን ሊሰጣት አይችልም።»

ደጅቱ ወደ ልጇ ዞረች። ሰው የተናገረውን እንድትነግራት ስትፈልግ እንደምታያት አልነበረም ያየቻት።

«አንቺስ? አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ?»

ኢናቭ መስኮቱን አየች። ሪፖርቱ ከሄደ በፈተና ቀን ስሟ ይጠራና ከሁሉም ፊት ተነስታ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች። አዲና ታያታለች። ሁሉም ያይዋታል። አንዳንዱ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሳይጠይቅ ያወራል። ካልሄደ ማንም ምንም አያውቅም፤ እሷም እስከ ዛሬ እንደነበረችው ሰነፍ እየተባለች ትቀጥላለች።

ወደ እናቷ ዞረች።

«ይላክ» አለች ኢናቭ፣ በአማርኛ።

አስመረች ቃሏን ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ደጅቱ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና የት እንደምትፈርም ጠየቀች።