ሳይወለድ የጠባው ጥጃ

ስልኩ በሚጢጢ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የታላቅ እህቷ ክንድ እስከ ትከሻዋ ድረስ ላሚቱ ውስጥ ነበር።

«አንሺው እንጂ!» አለ አላቢው፣ የላሚቱን ጭራ ወደ ጎን እንደያዘ። «ወይስ ላሚቱ ታንሳልሽ?»

ሚጢጢ አላነሳችውም። ኪሷን በመዳፏ ጫን ብላ ይዛ ስልኩ እስኪሰለቸው ጠበቀች። ማን እንደሚደውል ታውቃለች። የከብት መድኃኒት የሚያስመጣው ድርጅት ነው። ትናንት ደውለው እህቷን መደብራቸው ውስጥ ሻጭ አድርገው እንደሚቀጥሯት ነግረዋታል፤ መልሷንም ዛሬ ከምሳ በፊት ይፈልጋሉ። እናታቸው ደግሞ ጠዋት በር ላይ የሚጢጢን ጆሮ ቆንጠጥ አድርጋ፣ «እሷ እጇ ፋታ አይኖረውም፤ ስልኩን አንቺ ያዢ። ሲደውሉ በእሷ ስም ‹እሺ፣ ሰኞ ትመጣለች› በያቸው። ሰማሽ?» ብላታለች። ሚጢጢም «ሰምቻለሁ» ብላ ነው የወጣችው።

እናትየዋ ክፉ ሆና አይደለም። ልጇ በእንስሳት ሕክምና ከተመረቀች ዓመት አልፏታል፤ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዱ ጋ ስትሄድ «ልምድ አለሽ?» ይሏታል። ሳይቀጥሯት ልምዱን ከየት ታምጣው? ሌላው ጋ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተንሰራፋው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ «ይሄ ሥራ የወንድ ክንድ ነው የሚፈልገው» አላት። እሷ መች ዝም ትላለች! «ላሚቱም ሴት ናት፣ ታዲያ ወንድ ይውለድላት?» ብላው ወጣች። ቤት መጥታ ስታወራው ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ አልቆ ሥራው ግን አልመጣም። ልጅ ከመስኮት ሥር ተቀምጣ ስትቆዝም ማየት ደግሞ የእናትን አንጀት ይበላል።

እህትማማቾቹ እዚህ የወተት ላሞች እርባታ የመጡት የቦታው የቀድሞ ሐኪም ጡረታ ስለወጡ ነው። ባለከብቱ፣ ቀጠን ያሉ ቁጡ አዛውንት፣ «ቅዳሜ ነይና ስትሠሪ ልይሽ» ብለው ነበር የጠሯት። እሳቸው ያሰቡት ክትባት ምናምን ነው። ሲደርሱ ግን ይቺ ጥቁር ላም ምጥ ይዟት፣ ከንጋት ጀምሮ ስታምጥ አገኟት።

«የፊት እግሮቹ መጥተዋል» አለች እህትየዋ፣ ጉንጯን ላሚቱ ዳሌ ላይ ለጥፋ። ዓይኗን ጨፍናለች። «ጭንቅላቱ ግን ወደ ኋላ ዞሯል። እንዲህ ሆኖ ቢጎተት አይወጣም።»

«ልጄ፣ ጥጃው ሞቷል» አሉ ባለከብቱ። «ጠዋት ይራገጥ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብሏል። ላሚቱም ሳትሞትብኝ ላሳርዳት። ባለሥጋ ቤቱ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጋሼ።»

«ምኑን ልታገሥ?»

እህትየዋ ሥራዋን ቀጠለች። ግራ እጇ ሲዝል በቀኟ ቀየረች፣ ቀኟ ሲዝል ደግሞ በግራዋ። ላሚቱ ባማጠች ቁጥር ክንዷ እንደተጨመቀ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ከንፈሯን ነክሳ ትቆማለች፣ ምጡ ሲለቃት ደግሞ ትቀጥላለች። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ትላለች ለላሚቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሚጢጢ አፏን ከፍታ ቀረች። ይቺ በረሮ ስታይ አልጋ ላይ የምትወጣው እህቷ ናት? ይቺ የሶፋው ጥግ ለኔ ነው እያለች የምትጣላት? እዚህ በረት ውስጥ፣ ያንን የሚያህል ፍጥረት ጎኑን ሰጥቷት ቆሟል። ዓይኗ ሳያይ እጇ ያያል። ሰው እንዲህም መሆን ይችላል እንዴ?

«መጣልኝ!» አለች እህትየዋ ድንገት። «ጭንቅላቱ ዞሮ መጣ!»

ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። እጇን አውጥታ ጣቶቿን ልታጥፋቸው ሞከረች፣ አልታጠፉም። «ደንዝዘዋል። በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ አልቻልኩም።»

«በቃ እንግዲህ» አሉ ባለከብቱ። ወደ አላቢው ዞረው፣ «ሂድ፣ ሰውዬውን ጥራው» አሉት።

አላቢው ጭራውን አልለቀቀም። እህትየዋም እንዳልሰማች ሆና ወደ ሚጢጢ ዞረች። «ሚጢጢ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«እኔ?»

«እዚህ ሌላ ሚጢጢ አለች? የሱ እጅ እንደሆነ አካፋ ነው፣ አይገባም።»

«ስድብ ነው ምርቃት?» አለ አላቢው።

ሚጢጢ እጇን በሳሙና ታጠበች። የእህቷ ረጅም የሐኪም ጓንት ትከሻዋ ላይ ደርሶ ተረፋት።  «ምን ላድርግ፣ እታለም?»

«ቀስ ብለሽ ግቢ። አፉን ፈልጊና ጣትሽን ምላሱ ላይ አድርጊ። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ካለ ራሱ ይነግርሻል።»

ያስጠላኛል ብላ ነበር። አላስጠላትም። የመጀመሪያው ነገር ሙቀቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት በሕይወቷ ነክታ አታውቅም። ጨለማ በእጅ ይዳሰሳል ቢሏት አታምንም ነበር፤ አሁን ግን እየዳሰሰችው ነው። ሁለት ሰኮናዎች አገኘች፣ ጫፋቸው ገና ለስላሳ። ከዚያ አፍንጫ። ከንፈር። ትናንሽ ጥርሶች። ምላሱ ወፍራምና ልስልስ ያለ ነው። አይንቀሳቀስም።

«የለም» አለች በሹክሹክታ።

«ጠብቂ።»

ላሚቱ አማጠች። የሚጢጢ ክንድ በር የተዘጋበት ያህል ተጨመቀ፣ እንባዋ ዱብ አለ። እጇን ግን አላወጣችም። ምጡ ለቀቀ። አሁንም ምንም የለም። ባለከብቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያኔ ምላሱ ጣቷን ጠቀለላት። ጠባት። አቆመና፣ እንደገና ጠባት፣ አሁን ጠንከር አድርጎ።

 ጥጃው ብርሃን አላየም። አየር አልሳበም። ዓለም የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ እናቱን እንኳ ገና ከውጭ አላያትም። ግን ወተት አለ ብሎ አምኖ ይጠባል! ማን ነገረው? ያ ሁሉ ሰው ሞቷል ሲል፣ እሱ እዚያ ሆኖ ሥራውን እየሠራ ነበር።

«ጠባኝ» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «እታለም፣ እየጠባኝ ነው!»

«እጅሽን አውጪ! ገመዱን አቀብዪኝ!»

ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም። እህትየዋ ገመዱን በፊት እግሮቹ ላይ አሰረች፤ አላቢውና ባለከብቱ ያዙ። አዛውንቱ ካፖርታቸውን ጭቃ ላይ ጥለውታል። «እሷ ስታምጥ ብቻ ሳቡ! ስታርፍ እረፉ!» ትላቸዋለች ልጅቷ፣ እነሱም እሺ ብለው ይታዘዛሉ። ጥጃው መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በትከሻው፣ ከዚያ ባንዴ ዝርግፍ ብሎ ገለባው ላይ ወረደ። እህትየዋ አፉንና አፍንጫውን ጠርጋ በገለባ ብትኮረኩረው አስነጠሰ። ላሚቱ ዞራ፣ ጥጃዋን አሽትታ፣ መላስ ጀመረች።



«ባለሥጋ ቤቱን አመስግነህ ሸኘው» አሉ ባለከብቱ ለአላቢው። ከዚያ ካፖርታቸውን እያራገፉ፣ ልጅቷን ሳያዩ፣ «ሰኞ አንዲት የምታነክስ ጊደር አለችኝ። ሦስት ወር ሞክሪ። እኔ የምከፍለው ያን ያህል አይደለም፣ አልዋሽሽም። ግን እዚህ ያየሽ ሌላው ደግሞ ይጠራሻል። የቀድሞው ሐኪምም ከዚህ ነው የጀመሩት» አሉ።

እህትየዋ አፏን ሳትከፍት ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሚጢጢ ጓንቱን አውልቃ አነሳችው።

«ከመድኃኒት መደብሩ ነው» አለች አንዲት ሴት ከወዲያኛው ጫፍ። «ዶክተር ነሽ?»

«አይ፣ እህቷ ነኝ።»

«እንግዲህ መልሷን ንገሪኛ፣ የኔ እመቤት። ሰኞ ትመጣለች ወይስ ለሌላ ሰው እንስጠው?»

እሺ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ናት። ትንሽ ቃል ናት። እናቷ ዛሬ ዓመት ሙሉ ያጣችውን እንቅልፍ ትተኛባት ነበር። ሚጢጢ እህቷን አየቻት። ፀጉሯ በላብ ተለጣጥፏል፣ ሁለቱም ክንዶቿ ደም ናቸው፣ ዓይኗ ጥጃው ላይ ነው።

«እኔ ልመልስልዎት አልችልም» አለች ሚጢጢ። «ራሷ ትንገርዎት።» ሄዳም ስልኩን እህቷ ጆሮ ላይ ያዘችላት።

እህትየዋ አዳመጠች።  «አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ለሌላ ሰው ይስጡልኝ። እኔ ሥራ አግኝቻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ባለከብቱ ወደ ሌላዋ ላም ሄደው ያልታመመ ጆሮዋን ይመረምሩ ጀመር።

«እማዬ» አለች እህትየዋ፣ አሁን ገና ትዝ ብሏት። በረሮ ያየች መሰለች። «ማን ይነግራታል?»

ሚጢጢ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ክንዷ ላይ አሁንም ሙቀቱ አለ። የእናቷን ቁጥር ነካች። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

«እ? ደወሉ? ምን አልሻቸው?»

«እማዬ» አለች ሚጢጢ፣ «እሺ አላልኳቸውም።»