የከረጢቱ አፍ

መርማሪዋ ከመምህሩ ቤት የደረሰችው ውሻው በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ተናድዳ ነው። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ፣ ቃሏ ቁጥብ ስለሚል ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሬት» ይሏታል። ያን ቀን ያናደዳት የክሱ ወረቀት ነበር። ዓይነ ስውሩ መምህር፣ ታላቅ እህቱ መንገድ መሪ ውሻውን መርዛ ገደለችብኝ ብሎ ከስሷል። የእንስሳት ሐኪሙም ምስክርነቱን አያይዟል፦ «የሞቱ ምክንያት በቤት ውስጥ የተዘጋጀ ተገቢ ያልሆነ ምግብ።» ሬሳውን ሳይከፍት፣ አንድ መስመር ጽፎ እህትና ወንድምን ለያይቷል።

በሩ ላይ ሁለት የመንደር ውሾች ተጋድመዋል። ጎናቸው ሞልቷል፤ ጸጉራቸውም ያብረቀርቃል። ባለቤት የሌለው ውሻ እንዲህ ሲያምርበት አይታ አታውቅም። ተራምዳቸው ገባች።

መምህሩ የውሻውን ባዶ ማሰሪያ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ውሻው ምርኩዝ ይባላል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አድርሶ መልሶታል። ከእሱ በፊት ደግሞ ሃያ ዓመት የመራችው እህቱ ናት። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ምርኩዝ ከፋብሪካ የሚመጣውን የከረጢት ምግቡን እያሸተተ ሲተወው፣ እህትየው ሩዝ፣ ጉበትና ካሮት ትቀቅልለት ጀመር። ጎረቤቶችም ወደዱላትና ለውሾቻቸው ይገዟት ያዙ። መምህሩ ግን አልወደደውም።

«ሐኪሙ ምን አሉዎት?»

«የቤት ምግብ ውሻን ቀስ እያለ ይገድላል አሉኝ። ፋብሪካ የመጠነውን ትተው የሴት ድስት ያምናሉ ወይ? አሉኝ።»

«ከረጢቱን ከየት ገዙት?»

«ድሮ የውሻ ምግብ ከሚሸጠው ነጋዴ ነበር። ይኼኛውን ግን ሐኪሙ ከክሊኒካቸው በግማሽ ዋጋ ሰጡኝ። አከፋፈቱ አስቸገረኝ እንጂ ያው ነው።»

«እንዴት አስቸገረዎት?»

«የድሮው አንዱን ክር ሲስቡት እስከ ጫፍ ይተረተራል። ይኼ ግን እያንዳንዱ ስፌት ለብቻው ነው የተቋጠረው። አሥራ አራት ቋጠሮ በምላጭ ቆረጥኩ፤ ጣቴንም አብሬ።»

እሬት ወደ ማድ ቤቱ ጥግ ሄዳ ከረጢቱን ከፈተች። ውስጡ እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። ሽታውን አላስተዋሉትም ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ አስተውሎ ለሐኪሙ ነግሮት እንደነበር፣ ሐኪሙም የቪታሚን ሽታ ነው ብሎ እንዳጽናናው ነገራት። ከረጢቱን ይዛ ወጣች። በዚያው ቀን የምርኩዝ ሬሳ ከተቀበረበት ወጥቶ ከከረጢቱ ጋር ወደ ላቦራቶሪ እንዲሄድ አዘዘች።

እህትየው ወንድሟ ካባረራት ወዲህ ጎረቤት ቤት ተጠግታለች። ካሮት ስትልጥ አገኘቻት፤ ቢላዋውን ቆዳ እንደሚገፍ ሰው ነበር የምታስኬደው።

«ከመሞቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ዓይኑ ወይቦ ነበር፤ ድዱም» አለች። «ሮጬ ለሐኪሙ ነገርኩት። ምግቡ ላይ እርድ እያበዛሽበት ነው አለኝ።»

«ያበዙ ነበር?»

«እርድ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ወንድሜ ሽታውን አይወድም።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሃያ ዓመት መርቼዋለሁ። ያ ውሻ ሲመጣ ነው ትንሽ ቁጭ ያልኩት። ሰው የገዛ ዕረፍቱን ይገድላል?»

ነጋዴው ዘንድ ስትሄድ ወረቀቶቹን ደርድሮ ጠበቃት። ዝናብ መጋዘኑ ገብቶ አርባ ከረጢት ምግብ አርጥቦበት ነበር። የበሰበሰ ምግብ ሐኪም ባለበት መቃጠል ስላለበት፣ ሐኪሙ በራሱ መኪና ጭኖ ወሰደው፤ ተቃጥሏል ብሎም ፈረመ። ሲቃጠል አይተሃል ወይ ስትለው ትከሻውን ሰበቀ።

«ሐኪም ከፈረመ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ክሊኒኩ ስትደርስ ሐኪሙ የአንዲት ውሻ ጭን እየሰፋ ነበር። ለአንድ ውሻ ይህን ያህል ግርግር ምንድነው እያለ አጉረመረመ። እሬት እጁን ታይ ነበር። መርፌውን ያስገባል፣ ይቋጥራል፣ ይቆርጣል፤ ከዚያ ሌላ ይጀምራል።

«ለምን ለየብቻ ይቋጥሩታል?»

«አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ። እጄ ሌላ አያውቅም።»

በሳምንቱ የላቦራቶሪው ውጤት ወጣ። እሬት አራቱንም በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ሰበሰበቻቸው። እህትና ወንድም በሁለት ጫፍ ተቀመጡ።

«መምህር፣ የእህትዎን ምግብ ለውሻው ሰጥተውት ያውቃሉ?»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም። ሐኪሙን አምኜ ከበር ውጪ እደፋው ነበር፤ የከረጢቱንም እንቢ ሲለኝ በእጄ አጎርሰው ነበር። እንዳይከፋት ብዬ አልነገርኳትም። ሐኪሙ ግን፣ እርስዎ ሲተኙ በስውር ታበላዋለች አሉኝ።»

እህትየው አንገቷን ደፋች።

«የውሻው ሆድ ውስጥ ሩዝ የለም፣ ካሮት የለም» አለች እሬት። «የከረጢቱ እንክብል ብቻ ነው ያለው። ድስቱን ስድስት ሳምንት የበሉት በርዎ ላይ የሚተኙት ሁለቱ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ደህና ናቸው። ምርኩዝን የገደለው የሻጋታ መርዝ ነው። ጉበቱን ቀስ በቀስ ጨረሰው፤ ዓይኑ የወየበውም ለዚያ ነው። ይህን የትኛውም የእንስሳት ሐኪም ያውቃል። እርድ ነው ያለው ሰው ግን እንዲታወቅ አልፈለገም።»

ሐኪሙ ከረጢት የሚሸጥ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ዓይኑም ወደ ነጋዴው ሄደ። እሬት ሁለት ከረጢት አንስታ በመምህሩ ጣቶች ሥር አደረገች።

«አንዱ ከነጋዴው መደብር፣ አንዱ ከቤትዎ ነው። ይንገሩን።»

መምህሩ ዳሰሰ። «ይኼ አንድ ክር ነው። ይኼ...» ጣቱ ቆመ። «ይኼ የቋጠሮ ቁራጭ ነው። የእኔ ነው።»

«የፋብሪካ ማሽን ለየብቻ አይቋጥርም። ነጋዴም በእጁ ቢሰፋ እንደ ጆንያ አፍ እያዞረ ነው። የሻገተውን አድርቆ፣ አዲስ ከረጢት ውስጥ ሞልቶ፣ አፉን በቁስል ክር እንደ ቁስል የሰፋው እጅ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዚህ ክሊኒክ ጓሮ መጋዘን ሠላሳ አንድ ከረጢት አውጥተናል። ሁሉም እንዲሁ የተሰፉ ናቸው።»

ሐኪሙ ከንፈሩን ላሰ። «ውሻ ነው እኮ» አለ።

የእሬት ድምፅ ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ አለ። «አዎ፣ ውሻ ነው። ዓይኑ ግን የሰው ነበር። ያመነዎትን ሰው የገዛ ዓይኑን በገዛ እጁ መርዝ እንዲያጎርሰው አደረጉት። ሲሞት ደግሞ ወንጀልዎን እህቱ ላይ ለጠፉ። ይነሱ።»

ነጋዴው ወደ በሩ ሲንሸራተት አየችው። «አንተም ና። ምን ቤት እንደሆንክ ጣቢያ ትነግረናለህ።»

ፖሊሶቹ ሁለቱን ይዘው ሲወጡ መምህሩ ብድግ አለ። እጁን ወደ ባዶው አየር ዘረጋ።

«እታለም» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። አንቺንም...»

እህትየው ቆማ አየችው። ቦርሳዋን አንስታ በአጠገቡ አልፋ በሩ ድረስ ሄደች፤ እዚያም ጀርባዋን እንደሰጠችው ቆየች። ከዚያ ተመለሰችና የተዘረጋውን እጁን ይዛ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ደረጃ አለ፣ ሦስት ነው። ቀኝህን አስቀድም።»