ቤቱ ገደለው አሉ

ሰውየው የሞተው ከነወንበሩ ነው። ሰገነቱ ላዩ ላይ ሲወርድ ከመቀመጫው እንኳን አልተነሳም፤ እንጨቱና ድንጋዩ ሲነሳለት እጆቹ አሁንም ጉልበቱ ላይ ነበሩ፣ ልክ ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው። መርማሪዋ አየችው። አሁን የሆነ ነገር ይሰማኛል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ሥራ ቦታ «እንጨቷ» የሚሏት ወደው አይደለም።

ሟቹ የቅርስ ቢሮ ተቆጣጣሪ ነበር። ቤቱ ደግሞ የሁላቸውንም አያት በዕድሜ የሚያስከነዳ፣ መንግሥት «እኔ እጠብቀዋለሁ» ብሎ በሩ ላይ ታፔላ የለጠፈበት ቤት። አሁን ግን ሰው ገደለ ተባለ፣ ሰው የገደለ ቤት ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ይፈርሳል፣ ያውም ዛሬውኑ። ዶዘሩ ደጅ ቆሞ ያጓራል።

«ያልኩት ደረሰ» አለ የቢሮው ኃላፊ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ። «ይወድቃል ይወድቃል እያልኩ አፌ ተላጠ። እሱ ምን ያደርጋል መሰለሽ? ይወድቃል ባልኩት ቁጥር ወንበሩን ጎትቶ ሥሩ ቁጭ። ‹ይኸው ተቀምጫለሁ፣ ይውደቅ› ይለኛል። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«እርስዎ ዛሬ ገብተዋል?»

«ኧረ እግሬም አልረገጠም። ሞተ ሲሉኝ መጣሁ፣ እዚሁ ቆምኩ። አራቱም መስታወት ረግፎ እንዴት ብዬ ልግባ? ቤቱ ተንቀሳቅሷል እኮ።»

የምን መስታወት እንደሆነ የነገራት አናጢው ነው። ሰገነቱን የሚጠግነው እሱ ነበር፣ እስኪጨርስ ብሎም ከሥሩ ወፍራም ድጋፍ አቁሞለት ነበር። አሁን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

«ግድግዳ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ እንለጥፋለን፣ ጫፍና ጫፉን በጀሶ። ግድግዳው ትንሽ ከተላወሰ መስታወቱ ያሳብቃል። ሟች ጠዋት እነሱን ሳያይ ሻይ አይጠጣም።»

«መጨረሻ የለጠፋችሁት የቱን ነው?»

«የደረጃውን፣ ትናንት ልንወጣ ስንል። እኔ ያዝኩለት፣ እሱ ጀሶውን መረገ። ‹ቀስ አድርገህ፣ የሙሽራ እጅ ነው በለው› ብሎ አሳቀኝ።» ፈገግ ሊል ነበር፣ ፊቱ እምቢ አለው። «ዛሬ ምስማር ልገዛ ወጥቼ ነው ይህ የሆነው። ጠረጠርሽኝ፣ አይደል?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው፣ ጋሼ።»

«ደግ። ድጋፉ የኔ፣ መዶሻው የኔ። እኔም ብሆን እኔን እይዝ ነበር።»

የቤቱ ወራሽ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረምሳ ነው፤ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ዳቦው አሁንም ብብቱ ሥር ነው፣ ረስቶታል።

«ቤቱ ቢሸጥልኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽሽ» አላት። «ጣሪያው ሲያፈስ ቢሮ ሄድኩ። ‹ቅርስ ነው፣ አትንካው› አሉኝ። እሺ፣ እናንተ ንኩታ አልኳቸው። ማንም አልነካውም። ሟች ብቻ ነበር የሚመጣው፣ እሱም ባዶ እጁን፤ አናጢ ያመጣው ገና ሰሞኑን ነው።»

«በደረጃው ነው የምትወጣው?»

«በምን ልውጣ ታዲያ፣ በክንፍ? ማታ እንኳን ያንን አዲሱን መስታወት በክርኔ ልሰብረው ለጥቂት ነው የተረፈው።»

መርማሪዋ ገባች። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ጓዳ፣ መኝታ ቤት፤ በየክፍሉ አንድ መስታወት፣ ሁሉም ደቅቀው ወለሉ ላይ። ጎንበስ ብላ ጀሶውን በጣቷ ነካችው፣ ሰርጉዷል። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረች። እዚያ ያለው መስታወት ጸጥ ብሎ እንደተለጠፈ ነው፣ ጭረት እንኳን የለውም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የሟች ሚስት የባሏን ኮት ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ኮቱን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጥፋለች።

«ዛሬ ትልልቆቹን የቢሮ ሰዎች ጠርቶ መስታወቶቹ አለመሰንጠቃቸውን ሊያሳያቸው ነበር» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ሸሚዙን ተኩሼ ሰጥቼው ነው የወጣው።»

«ጥሩ፣ ከእሱ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። ድምጿ የመብራት ቆጣሪ የምታነብ ይመስላል። «ቤት ሲላወስ መስታወቱ መሃል ላይ ይሰነጠቃል እንጂ አይደቅም። ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ ተጣብቆ ይቀራል። እዚህ ግን ወለሉ ላይ ነው፣ ጀሶውም የመዶሻ ምት አለበት። ስለዚህ ቤቱ አልተላወሰም፤ የተላወሰ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነው የሰበረው። ድጋፉንም መትቶ የጣለው እሱ ነው።»

አናጢው ራሱን ያዘ።

«እርስዎ አይደሉም፣ ጋሼ። የደረጃውን መስታወት በእጅዎ ይዘው አስለጥፈው እሱን ይረሱታል? ወራሹም በየቀኑ በአጠገቡ ነው የሚያልፈው። የሰበረው ሰው የደረጃውን አያውቅም ነበር፤ ለእሱ መስታወት ማለት አራት ነው።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «እርስዎ ዛሬ እግሬ አልረገጠም ብለውኝ፣ አራቱም ረግፏል አሉኝ። ማን ነገረዎት?»

«ሰዎች ሲያወሩ...»

«የትኞቹ ሰዎች? ልጁም ሬሳውን ያነሱትም ከሰገነቱ ሥር አላለፉም፤ ክፍሎቹን ዞሬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ዶዘሩን ደግሞ ያዘዙት ትናንት ነው፣ ሾፌሩን ጠየቅኩት። ትናንት ሰው አልሞተም። ለበላይ ‹ቤቱ አለቀለት፣ ልንጠብቀው አንችልም› ብለው ጨርሰዋል፤ እሱ ዛሬ መስታወቱን ቢያሳይ ውሸትዎ ይወጣ ነበር።»

ኃላፊው ወደ መስኮቱ አየ፣ ከዚያ ወደ ጫማው።

«ይሸሻል ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ላስፈራራው ብዬ ነው ድጋፉን የመታሁት። ተነስ ብዬዋለሁ እኮ። እያየኝ ነበር። ማንም ሰው ቢሆን ይነሳ ነበር፣ አይደለም እንዴ?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

መርማሪዋ ሚስትየዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እትዬ፣ ቤቱ አይደለም የገደለው። ባለቤትዎ ያሉት ልክ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሴትየዋ። «ትንሽ ቢጠራጠር ኖሮ ይነሳ ነበር።»

ያኔ መርማሪዋ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ተጫናት። ሕመም ይሁን ሌላ መለየት አቃታት።

የዶዘሩ ሾፌር በበሩ አንገቱን አስገባ። «እና እኔ ላፍርስ ወይስ ልሂድ? አፍርስ ያለኝ እሱ፣ ተው ሊለኝ የሚችለውም እሱ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

እውነቱን ነው። ቤቱን እንዲጠብቅ በሕግ የተቀመጠው ሰው አሁን ፖሊስ መኪና ውስጥ ነው፣ ከሱ በላይ ያሉት ደግሞ ስልክ አያነሱም።

«ሂድ» አለችው መርማሪዋ። «ግድያ የተፈጸመበት ቦታ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም።»

ወራሹ፣ አናጢው፣ ሚስትየዋ፣ ሁሉም አዩዋት። ገዳዩ ታውቋል፣ በአፉም አምኗል። ምን የቀረ ነገር አለ?

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ጣሪያውን አየች፣ የሚያፈስበትን ቦታ።

«ይቆያል» አለች።