ማክሰኞ የተባለችው

«ማክሰኞ መጣች» አለ ናስር፣ ሙስሊማ የክፍሉን በር ገፍታ ስትገባ። ከኋላ ያሉት ሳቁ።

ስሙ የወጣላት ትናንት ነው። የአማርኛ መምህራቸው ሀብተ ሥላሴ የቀናትን ስም ምንጭ ሲያስረዱ፣ እሑድ አንደኛ፣ ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ከሚሉት የግእዝ ቃላት መምጣታቸውን ነገሯቸው። «ማክሰኞ ግን የሰኞ ማግስት ማለት ነው።»

«አቦ፣ የራሱ ስም የለውማ» አለ ናስር። «ልክ እንደ ኢናስ እህት።»

ኢናስ የሙስሊማ ታላቅ እህት ናት። አምና የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ስትይዝ ግቢው ጸጥ ይል ነበር፤ ዘንድሮ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሙስሊማን ግን ዛሬም የአባቷ ሱቅ ደንበኞች ሳይቀሩ «የኢናስ እህት» እያሉ ነው የሚጠሯት።

ዛሬ መምህሩ ገብተው ክፍሉ ጸጥ እስኪል ጠበቁ። «ስለ ቀናቱ ስም የፊታችን ማክሰኞ በሚኒ ሚዲያ ታቀርቢያለሽ፣ ሙስሊማ። የኢናስ እህት አታሳፍረንም።»

ማታ ወሬው የደረሳት ኢናስ ከሰመራ ደወለች። «አትጨነቂ፤ ጽፌ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አንቺ ማንበብ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች ሙስሊማ። እሺ ማለት ሁልጊዜ ይቀላታል።

ጽሑፉ በማግስቱ ደረሰ። ያምራል። ስለ ማክሰኞ ያለው ግን አንድ መስመር ነው፤ የሰኞ ማግስት።

ሱቅ ውስጥ ቆማ ደጋግማ ስታነበው አንዲት አፋር ደንበኛቸው ዘይት ጠየቀች። አልቋል።

«በቃ፣ ታላታ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ታላታ በአፋርኛ ማክሰኞ ነው። ሙስሊማ ቃሉን እየሰማች ነው ያደገችው፤ ከዐረብኛው ሦስት የመጣ መሆኑን ልብ ያለችው ግን ገና አሁን ነው።

በነጋታው ከክፍል ሲወጡ መምህሩን ተከተለቻቸው። «ቲቸር፣ ማክሰኞ ድሮም የራሱ ስም አልነበረውም?»

«ነበረው እንጂ። በግእዝ ሠሉስ ይባላል፤ ሦስተኛ ማለት ነው። በአማርኛ የሰኞ ማግስት ማለት ለመድንና ተውነው።»

«ጠፋ ማለት ነው?»

«ኧረ አልጠፋም፣ በቤተ ክርስቲያን ዛሬም ሠሉስ ነው የሚባለው።»

ማታ ለኢናስ ጻፈችላት። «ጽሑፍሽ በጣም ያምራል። ግን የራሴን ላቅርብ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እህቴ እሺ እንጂ እንዲህ አትልም፤ ስልኳን የሰረቅከው ሌባ፣ እህቴን መልስ።» ቀጥሎ ደግሞ፣ «ወላሂ ደስ ብሎኛል። ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ናስር ማይኩን ይዞ ወደ እሷ ዞረ። የሚኒ ሚዲያው አስተዋዋቂ እሱ ነው።

«ማን ብዬ ላስተዋውቅሽ?» አለ በሹክሹክታ። «የኢናስ እህት ወይስ ማክሰኞ?»

ሙስሊማ እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ፣ እኔው እናገራለሁ።»

ማይኩ አፏጨ። ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

«ሙስሊማ እባላለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ሠሉስ ነው።»