የኪናኮ በር

መሰርሰሪያው መጮህ ሲጀምር የሕፃኑ ለቅሶ ቀጥ አለ።

«እንዳታጥፋው!» አለች እናትየው ከጎን ክፍል፣ ድምፅዋን አፍና። «በሞቴ፣ እንዳታጥፋው!»

«የምበሳው እኮ አልቋል» አለ አባትየው፣ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ።

«ሌላ ነገር ብሳ!»

ናጊሳ የጣውላውን ጫፍ በሁለት እጇ እንደያዘች ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግራና ቀኝ ካየ በኋላ ከተጣለው ቁርጥራጭ እንጨት አንዱን ሳበና ዝም ብሎ ይበሳው ጀመር። ሰጋቱራው ፀጉሩ ላይ እንደ ዱቄት ተነሰነሰ። ትንሽ ቆይቶ እናቷ በወረቀት በተሠራው ተንሸራታች በር ክፍተት አንገቷን ብቅ አድርጋ አውራ ጣቷን አሳየቻቸው። የሰባት ወሩ ታሱኩ ተኝቷል።

«ይሄ ልጅ አናጢ ነው የሚሆነው» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

«ካንተ የተሻለ ከሆነ ጥሩ ነው» አለች ናጊሳ። «ይሄ ወለል አሁንም ወደ መስኮቱ ያዘነብላል።»

«ወለሉ አይደለም፤ አንቺ ነሽ የምታዘነብዪው።»

ቤቱ የአባቷ አክስት የነበረ፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ዳገት ላይ የተሠራ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። በፀደይ ከኦሳካው ጠባብ አፓርታማ ወጥተው ሲገቡበት ጣሪያው ያፈስ፣ የኋላው ክፍል ወለልም ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር አባቷ የሚሠራበትን የጀልባ ኩባንያ ሸሚዝ ያወልቃል፤ ጭንቅላቱ ላይ ፎጣ ያስርና ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ አንዱን ጥግ ያፈርሳል፣ ሌላውን ይሠራል። የቪዲዮው ሰውዬ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ እሱ ላይ ሳምንታት ይፈጃል። ግን እንደዚህ ደስ ብሎት ናጊሳ አይታው አታውቅም።

ታሱኩ ደግሞ አጉል ነገር ለምዷል። ያለ መሰርሰሪያ ድምፅ አይተኛም። ቢዘፈንለት፣ ቢታዘል፣ ቢወዘወዝ ወይ ፍንክች! እናቷ መላ ሲጠፋት ጩኸቱን በስልኳ ቀዳችውና አባቷ ሥራ በሚውልባቸው ቀናትም ትከፍትለት ጀመር። በደጃቸው የሚያልፍ ሰው ቤቱ ተሠርቶ የማያልቅ ሳይመስለው አይቀርም።

«ኪናኮስ?» አለች ናጊሳ ድንገት፣ ጣውላውን አስቀምጣ።

ኪናኮ አብራት ያደገች ውሻ ናት። ቀለሟ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር ስለሚመስል በዚያው ዱቄት ስም ጠሯት። ያኔ ናጊሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ሆኗታል። የኪናኮ አፍ ዙሪያውን ሸብቷል፣ ደረጃ ስትወጣም ታለከልካለች። ናጊሳ በአዲሱ ትምህርት ቤት ምሳ አብሯት የሚበላ ሰው ገና በቅጡ አላገኘችም። ቤት ስትመጣ ደግሞ ወሬው ሁሉ ታሱኩ ነው፤ ታሱኩ በላ፣ ታሱኩ ሳቀ፣ ታሱኩ ተገለበጠ። አትቀናበትም፤ እሷም ብትሆን ያንን ድቡልቡል ጉንጭ ሳትስም አትውልም። ቢሆንም ኪናኮ የእሷ ብቻ ነበረች።

መሰርሰሪያ ሲነሳ ኪናኮ መታጠቢያ ቤት ገብታ ባዶው ገንዳ ውስጥ ትሸጎጥ ነበር። ዛሬ ገንዳው ውስጥ የለችም። ከደረጃው ሥርም፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባም የለችም። ናጊሳ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ጓሮ ወጣች። ከዕቃ ማስቀመጫው ኋላ ካለው አጥር አንድ ሳንቃ ወልቋል፤ የክፍተቱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ፀጉር ተለጥፏል። ከአጥሩ ወዲያ ወደ ላይኛው ግቢ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። እየሮጠች ወጣችው።

ላይኛው ግቢ የአባባ ኦኩሙራ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ናጊሳ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም ከማለት ያለፈ አውርታቸው አታውቅም። አሁን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማሉ። ከጎናቸው ኪናኮ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ኪናኮ!»

ኪናኮ ቀና ብላ አየቻት። ጅራቷን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገችና ጭንቅላቷን መልሳ አጋደመች።

«ታንኮራፋለች» አሉ ሽማግሌው ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው። «ይቺን የምታክል ፍጥረት እንደ ጭነት መኪና!»

«ይቅርታ አባባ፣ አስቸገረችዎት። ሁለተኛ አትመጣም።»

«ኧረ ምን አስቸገረችኝ? በየቀኑ አይደለም እንዴ የምትመጣው! ጠዋት ትመጣለች፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ድምፅሽን ስትሰማ ተነስታ ትሄዳለች። የምታውቂ መስሎኝ።»

ናጊሳ አታውቅም። ኪናኮን አቅፋ ስትወርድ ውሻዋ ከወትሮው ይልቅ ከበደቻት። ካሉት ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው «በየቀኑ» የሚለው ብቻ ነበር።

እናቷ ጓዳ ቁጭ ብላ የታሱኩን ልብስ ታጣጥፋለች።

«እማዬ፣ ኪናኮ በየቀኑ እላይ ቤት እንደምትውል ታውቂያለሽ?»

የእናቷ እጅ ልብሱ ላይ ቆመ። «አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«አትፎግሪኝ!»

«ልጁን ለማስተኛት ድምፁን ስከፍት እሷ እየተንቀጠቀጠች የጓሮው በር ላይ ትቆምና ታየኛለች። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ከፈትኩላት። የት ትሄዳለች ብዬ ስከተላት እዚያ በረንዳ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ዝም አልኩ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትሽ እንደዚህ እንዳይሆን ነዋ» አለች እናቷ። «ደግሞ... እኔም ራሴ አፍሬ ነበር። በገዛ ቤቷ ማረፊያ አሳጣናት።»

ናጊሳ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄዳ አጥሩን ልድፈነው አለችው። አባቷ ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሥራ ፍላጎት ያለው ሰው በመገኘቱ ብቻ ፊቱ በራ። መዶሻ፣ ምስማርና ደህና ሳንቃ ሰጣት። ብቻዋን ለክታ፣ ብቻዋን መታችው። አንዱ ምስማር ሲጣመምባት ነቅላ በሌላ ተካችው።

«ተመልከት!» አለ አባቷ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ቀጥ ያለ ነው። ከእኔ ወለል ይበልጣል እኮ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ትፎክርበት ነበር። ያን ቀን ግን መዶሻውን መልሳለት ወደ ቤት ገባች።

በሚቀጥሉት ቀናት እናቷ ድምፁን በጣም ቀንሳ፣ በሩንም ዘግታ ትሞክር ነበር። ታሱኩ ቀነሰብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ ኪናኮ ደግሞ የቀነሰውም ይሰማታል። ናጊሳ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ውሻዋን የምታገኛት ጓሮ፣ አዲሱ ሳንቃ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ነው። አትጮህም፣ አትቧጥጥም። አፍንጫዋን እንጨቱ ላይ አስጠግታ መቀመጥ ብቻ። ናጊሳ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ኪናኮ የሳህኗን ግማሽ ትታ ሄደች። ናጊሳ የተረፈውን ሩዝና ዓሣ በእጇ ልታጎርሳት ብትሞክር ኪናኮ እጇን ላሰችላትና ምግቡን ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ኦኩሙራ ደጃፉ ላይ ቆመው ተገኙ። በር አላንኳኩም፤ ከመንገዱ ዳር ሆነው፣ እንዳጋጣሚ ያለፉ ይመስል ጎናቸውን ሰጥተው ቆመዋል። በእጃቸው መንደሪን የሞላ ላስቲክ ይዘዋል።

«ከጓሮዬ ነው» አሉና ለናጊሳ ዘረጉላት። «አረንጓዴነቱን አትዪው፣ ጣፍጧል።»

«እግዜር ይስጥልን አባባ።»

«ውሻሽ... ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም።»

«ጥሩ። ጥሩ ነው።» ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ጓሮው በኩል አዩ። «አጥሩን አይቼዋለሁ። ጥሩ ተሠርቷል።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እንዴ! ጎበዝ።» ሊሄዱ ዞረው ጥቂት እንደተራመዱ ቆሙ። «የኛ ቡድን ትናንት ተሸነፈ» አሉ። «ንገሪያት።»

ናጊሳ ላስቲኩን እንደያዘች እስኪሰወሩ ድረስ አየቻቸው። መሳቅ አሰኝቷት ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።

ከምሳ በኋላ አባቷ መሰርሰሪያውን ሲያነሳ የሒሳብ መጽሐፏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ኪናኮን በማሰሪያ ይዛ ወጣች። ደረጃ ስታይ የምትለግመው ኪናኮ ያን የድንጋይ ደረጃ እየጎተተቻት ወጣች። አባባ ኦኩሙራ ምንም ሳይጠይቁ ከበረንዳው ጫፍ ፈቀቅ አሉላቸው።

ጸጥታው ለናጊሳ መጀመሪያ እንግዳ ሆነባት። ንብ ይሰማል፤ ከታች ከወደቡ የጀልባ ጥሩምባ ይሰማል፤ ሬዲዮው በዝቅታ ያወራል። ከመቼ ጀምሮ እንደዚህ ቁጭ ብላ እንደማታውቅ ማስታወስ አቃታት። ኪናኮ ሁለት ጊዜ ዞረችና ዘፍ ብላ ተኛች። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች።

«ይኸው!» አሉ ሽማግሌው። «አላልኩሽም?»

«እውነትም ጭነት መኪና!» አለች ናጊሳ፤ አሁን ሳቋ ወጣ።

«ባለቤቴም ታንኮራፋ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ስጨቃጨቃት ኖርኩ።» መንደሪን ልጠው ግማሹን አቀበሏት። «አሁን ቤቱ ጭር ሲል ነው እንቅልፍ የሚጠፋኝ።»

ናጊሳ መንደሪኑን በላች፤ ሒሳቧን ሠራች። አንዱ ጥያቄ እምቢ ሲላት አባባ ኦኩሙራ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፉን አዩና «ይሄማ የኔ መስመር አይደለም፤ በዚህ በኩል ነድቼ አላውቅም» ብለው መለሱላት።

ጥላው በረንዳው ላይ ሲደርስ ናጊሳ ተነሳች። ማሰሪያውን ፈታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ትከተለኝ ይሆን ብላ እየሰጋች፣ «በይ ቤት እንሂድ» አለች።

ኪናኮ ዓይኗን ገለጠች። ወገቧን ለጥጣ ተንጠራራች፣ ጆሮዋን አራገፈችና ከበረንዳው ወረደች። ማንንም ሳትጠብቅ ቀድማ ደረጃውን ቁልቁል ተያያዘችው። ናጊሳ ግቢያቸው ስትደርስ ኪናኮ የምግብ ሳህኗ አጠገብ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ናጊሳ አባቷን ጓሮ ይዛው ወጣች።

«እዚህ አጥር ላይ በር እፈልጋለሁ። ትንሽ። ለኪናኮ የሚሆን።»

አባቷ ሳንቃውን አየ፣ እሷን አየ። «ባለፈው ድፈን፣ ዛሬ ክፈት! አለቃዬ እንኳ እንዲህ አያደርገኝም።»

«እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ አንተ ምን አገባህ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። «የት አለች ደንበኛችን?»

ኪናኮን መለካት ቀላል አልነበረም። አባቷ ሜትሩን ወገቧ ላይ ባስጠጋ ቁጥር ፊቱን ትልሰዋለች። እናቷ ታሱኩን አዝላ ወጣች፤ ታሱኩ ከጀርባዋ ሆኖ የሚያየውን ሁሉ ልያዝ ይላል። ናጊሳ በእጅ መጋዝ ሳንቃውን ቆረጠች፤ ጠርዙ የኪናኮን ጎን እንዳይቧጭራት በብርጭቆ ወረቀት ደጋግማ አሸችው።

«ወደ የት ነው የሚከፈተው?» አለ አባቷ ማጠፊያውን ይዞ። «ወደኛ ወይስ ወደሳቸው?»

«ወዲያም ወዲህም።»

«ቪዲዮው ላይ እንዲህ ያለ የለም።»

«እንግዲህ ራስህን ቻል።»

ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻ ትንሿን በር ከላይ በሁለት የቆዳ ቁራጮች አንጠለጠሏት። ስትገፋ ትወዛወዛለች፣ ስትለቀቅ ትመለሳለች። በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ ብላለች። እናቷ ጎንበስ ስትልለት ታሱኩ በመዳፉ ገፋት፤ በሯ ሄዳ ተመለሰች። ታሱኩ ጮኾ ሳቀና ደግሞ ገፋት።

ኪናኮ መጣች። በሯን አሸተተች፣ በግንባሯ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ሾልካ አለፈች። እዚያ ማዶ ጥፍሮቿ ድንጋዩ ላይ ሲያንኳኩ ተሰማ፤ ድምፁ ደረጃ በደረጃ እየራቀ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከላይኛው ግቢ «ኦሆ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

እናቷ እጇን የናጊሳ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ናጊሳ አልሸሸችም።

«አንድ ነገር ረሳሁ» አለ አባቷ፣ የዕቃ ቦርሳውን እየፈተሸ። ትንሽ የነሐስ መቀርቀሪያ አወጣ። አዲስ ነው፤ ያብለጨልጫል። «ይሄ ደግሞ ከኛ በኩል ይገባል። አትሂድብኝ ስትዪ ትቀረቅሪዋለሽ።»

ናጊሳ መቀርቀሪያውን ተቀብላ ብረቱን በጣቷ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተችው። ድምፁ ደስ ይላል። ወደ ላይ፣ ወደ ደረጃው አየች። ከዚያ ታሱኩን አየች፤ ከእናቷ ጀርባ ተንጠራርቶ መቀርቀሪያውን ሊቀማት እጁን ዘርግቷል።

«ይሄ ሰውዬ እኮ መዳህ ሊጀምር ነው» አለች። «ጓዳ ያለው የሳሙናው ቁም ሳጥን በእጅ ሲነኩት ነው የሚከፈተው።»

አባቷ ትንሿን በር አየና የመቀርቀሪያውን ብሎኖች መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ናጊሳ መቀርቀሪያውን እንደያዘች መፍቻውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።